የሬዲዮ ጓጉንቸር

ሬዲዮ ብለን ስም ያወጣንለት ስለማያወራ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የተናገረባቸውን ቀኖች በጣቴ ብቆጥር ጣት ይተርፈኛል። እኔ ደግሞ የሚታጠፉልኝ ጣቶች ስምንት ብቻ ናቸው። የቀኝ እጄ ሁለቱ ተቃጥለው ደርቀዋል፤ ስጨብጥ ቀጥ ብለው ስለሚቀሩ ሁልጊዜ ሰው ላይ የምጠቁም እመስላለሁ። ጸባዬን የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም። በሥራ ቦታ የሚጠሩኝ «እትዬ ፊውዝ» ብለው ነው፤ ትንሽ ሲበዛብኝ ስለምቃጠል።

የምንሠራው ለሆስፒታል የሚሆን ኦክስጅን የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሁለት ትልልቅ ኮምፕሬሰሮች አሉን። አየሩ ይጨመቃል፣ ኦክስጅኑ ይለያል፣ በሲሊንደር ይሞላል፣ መኪና ጭኖት ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ማለት እኔና ሬዲዮ ነን፤ ሌላ ሰው የለም። ከፋብሪካው ዕቃ ሁሉ አብልጬ የምጠላው ፊልተሩን ነው። ፊልተር ሲባል ሰው የውሃ ማጣሪያ ይመስለዋል። የኛው የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ነው። የኮምፕሬሰሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች ኤሌክትሪኩን እየቆራረጡ ስለሚወስዱት ያበላሹታል፤ ፊልተሩ ያንን ብልሽት ይውጥልናል። እሱ ከሌለ ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ዋናው ብሬከር ይወድቃል፣ ፋብሪካው ይቆማል። አንድ ክፍል ሙሉ ይዟል። ከፊት ካፓሲተሮች የተደረደሩበት የብረት ቁም ሳጥን ነው፤ ከኋላ ደግሞ በግድግዳ የተከለለ፣ መተላለፊያው ጫፍ ላይ የብረት በር ያለው ጠባብ ጓዳ አለ፣ ውስጡ በርሜል የሚያካክሉ ሦስት የመዳብ ጥቅሎች ቆመዋል። ካፓሲተር ተንኮለኛ ዕቃ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ የዋጠውን ይዞ ይቀመጣል፤ የሞተ መስሎህ ስትነካው ያን ጊዜ ይተፋብሃል።

እንግዲህ ይህ የምጠላው ዕቃ የወንድሜን እስትንፋስ ይዞ የቆመበት ቀን መጣ።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን አቁሞ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ሲተነፍስ ኖረ፤ ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ የኤሌክትሪክ ትምህርቴም ከዚያ ሰጋቱራ የወጣ ነው። በመጨረሻ ሳንባው እምቢ አለ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ በአፍንጫው በገባ ቱቦ የሚተነፍሰው እኛ የምንሞላውን ኦክስጅን ነበር። ሲሊንደር ሲጫን እያየሁ አንዳንዴ በሆዴ «ይቺ ለጋሼ ናት» እል ነበር።

ፊልተሩ የተበላሸው ሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ አስኪያጃችንን «አቶ ቶሎ» እንለዋለን፤ ያቺ ቃል ከአፉ አትለይም። «ያለ ፊልተር አስነሱት፣ ቶሎ!» አለ። አስነሳነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ትራንስፎርመሩ እጅ የማያስጠጋ ሆነ፣ ብሬከሩም ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛ ብንሞክር ትራንስፎርመሩ ይቃጠልና የወራት ሥራ ይሆናል። «እሺ፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ብቻ ቀይሩና ሂዱ» አለ ደግሞ። ምን እንዳቃጠለው ሳይታወቅ ፊውዝ መቀየር ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼን እያሰብኩ እሺ አልኩ። ገባን፣ ቀየርን፣ ወጣን። ግማሽ ሰዓት ሠራና አዲሱም ተቃጠለ፤ ከእሱ ጋር አንድ ካፓሲተር ሆዱ ተነፋ። መለዋወጫው ከሌላ ከተማ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን ቀረን።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካፓሲተሩ ደረሰ። ከሳጥኑ ሳናወጣው የጋሼ ሚስት ደወለች።

«እቴ፣ እዚህ ያለው ኦክስጅን እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚያደርሰው አሉ። ሌላው ፋብሪካ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እታለም። ግን ከስድስት በፊት ይደርሳል።»

«እሱ ይሙት በይ።»

ስንት ሺህ ጊዜ ምዬበታለሁ። ለጨው ለበርበሬው ሁሉ «ጋሼ ይሙት» የምል ሰው ነኝ። ያን ቀን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«ዛሬስ በሱ አልምልም» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

መኪናው ሆስፒታል ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ሲሊንደሮች ለመሙላት ሌላ ግማሽ ሰዓት። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ እስከ አምስት ሰዓት መነሳት አለበት። ይህን ሒሳብ የዚያን ዕለት መቶ ጊዜ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ አምስት ሰዓት ነው የሚወጣው።

ስለ ጓጉንቸሮቹ አሁን ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ ከእነሱ ነው። ወደ ፊልተሩ ስንገባ ስዊቹን እናጠፋና እጀታው ላይ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጓጉንቸር እንሰቅላለን። የእኔ ቀይ ነው፣ የሬዲዮ ሰማያዊ። ቁልፉ ከባለቤቱ አንገት አይወርድም። ጓጉንቸር ካለበት ስዊቹ አይመለስም፤ ትርጉሙ «ሰው ውስጥ አለ» ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም የራሱን በራሱ እጅ ያወርዳል። ይህን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ባልደረባዬ «አልቋል» ብሎ ስዊቹን ሲመልሰው እጄ ውስጥ ነበር። ከሆስፒታል እንደወጣሁ፣ በዚያው በተጎዳው እጄ፣ ከስዊቹ በላይ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፦ «የሰው ጓጉንቸር አይነካም። የሰቀለው ራሱ ያውርደው።» ፊደሉ የዶሮ ጭረት ይመስላል፤ ግን ከሩቅ ይነበባል። ሬዲዮ ሥራ የጀመረ ቀን እሱን አስነብቤው «ገባህ?» ስለው ራሱን ነቀነቀ። እስከዛሬ አንድ ቀን አላጎደለም።

ስዊቹን አጠፋን፣ ጓጉንቸሮቹን ሰቀልን። ኪሳችንን አራግፈን ጃኬትና ስልክ መተላለፊያው ላይ ምስማር ላይ አንጠለጠልን፤ በኪሱ ብረት ይዞ የሚገባ የለም። ከዚያ ጠበቅን። ካፓሲተሮቹ የያዙትን እስኪለቁ አሥር ደቂቃ መቆም ግድ ነው። አሥር ደቂቃ! ጋሼ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል ብል ሁለት መቶ ትንፋሽ ቆሜ አሳለፍኩ ማለት ነው። አቶ ቶሎ ከኋላዬ ይንጎራደዳል።

«አምስትም'ኮ ይበቃል» አለኝ።

«ይበቃል ካሉ ይቅደሙና ይግቡ።»

አልገባም።

መለኪያውን መጀመሪያ መተላለፊያው ላይ፣ ጀነሬተሩ በሚያበራው ሶኬት ሞከርኩት። ስዊቹ ሲጠፋ መብራት የሚሰጠን ጀነሬተራችን ትንሽ ነው፤ አምፖልና ሶኬት ከማብራት አያልፍም፣ ጩኸቱ ግን የአሥር ነው። መለኪያው ይሠራል። ገብቼ ካፓሲተሮቹን ለካሁ፤ መስመር ከመስመር፣ መስመር ከመሬት። ዜሮ። ተመልሼ ሶኬቱ ላይ ሞከርኩት፣ አሁንም ይሠራል። የተበላሸ መለኪያም ዜሮ ስለሚያሳይ ሁለቴ ካልጠየቁት አይታመንም። ሬዲዮ በረጅሙ ዘንግ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ከመሬት ጋር አገናኘ፣ ብልጭታ የለም። በመጨረሻ የመሬት ገመዶቹን አሠርን፤ ኤሌክትሪክ ከየትም ቢመጣ በእኛ በኩል ሳይሆን በእነሱ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ከፊት ካፓሲተሮቹ ላይ፣ ሦስተኛው ከኋላ ጓዳው ውስጥ ጥቅሎቹ ላይ ይታሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ከቁም ሳጥኑ በር አጠገብ ባሉት ሦስት ማንጠልጠያዎች ላይ ይመለሳሉ። አንዱ እንኳ እንደታሠረ ኃይል ቢለቀቅ ፊልተሩ ይፈነዳል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አይተርፍም፣ ፋብሪካውም ለወራት አይነሳም።

ፊውዙን የሚያቃጥለውን ያገኘው ሬዲዮ ነው። ጓዳው ውስጥ ገባ፣ ቆመ፣ አሸተተ፣ ከዚያ በጣቱ አሳየኝ። የሁለተኛው ጥቅል ብሎን ላልቶ መጋጠሚያው በሙቀት ጠቁሯል። ሰኞ ተጣድፈን አጠገቡ ቆመን ያላየነው ነገር። በዚያች ቅጽበት ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ፍቀን አጸዳነው፣ አዲስ ብሎን አስገብተን በልኩ አጠበቅነው። ሆዱ የተነፋውን ካፓሲተር አውጥተን አዲሱን ተካን፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ለካን፣ ደህና ናቸው። ፊውዞቹን ቀየርን። አራት ሰዓት ከሃያ ሆነ። አርባ ደቂቃ ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ከፊት ያሉትን ሁለት ገመዶች ፈትቼ ይዤ ስወጣ ስልኬ ምስማሩ ላይ ጮኸ።

«እቴ፣ ሐኪሙ ለሁሉም ቀንሱ አለ። ያለውን ለማዳረስ ነው አለ። የጋሼ ከንፈር ጠቁሯል። ዝም ብሎ ያየኛል። የት ደረሳችሁ?»

«ጨርሰናል! አሁን ልናስነሳው ነው።»

«ራስሽ ንገሪው፤ ጆሮው ላይ አድርጌዋለሁ።»

«ጋሼ» አልኩ። የሰማሁት ትንፋሹን ብቻ ነው። አንድ አጭር፣ ሌላ አጭር፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ ደግሞ አንድ። ልጅ ሆኜ ጨለማ ስፈራ እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ «ቁጠሪ» ይለኝ ነበር፤ የሱን ትንፋሽ እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው። አለቀስኩ። አንድ ለእናቷ የሆነች ሕፃን እንኳ እንደዚያ አታለቅስም። ሬዲዮ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና ሄደ። ወዴት እንደሄደ አላየሁም። ገመዶቹን እንዴት እንደሰቀልኩ፣ የቁም ሳጥኑን በር እንዴት እንደዘጋሁ፣ ቀይ ጓጉንቸሬን መቼ እንዳወረድኩ አላውቅም። ሁሉንም እጄ በልማድ ሠራው።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ስዊቹ ላይ ሰማያዊው ጓጉንቸር ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ሬዲዮ!»

መልስ የለም። ድሮስ መቼ ይመልሳል። ጃኬቱ ምስማሩ ላይ ነው፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ አለ። መጸዳጃ ቤቱን አንኳኳሁ፣ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ፣ ኮምፕሬሰር አዳራሹን ዞርኩ። የጀነሬተሩ ጩኸት ድምፄን ይውጠዋል፤ እኔም ራሴን አልሰማም። የቁም ሳጥኑን በር እንደገና ከፍቼ አየሁ፣ ማንም የለም። ወደ ግቢው በር ሮጥኩ። ዘበኛው፣ የሁላችንም አባባ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው።

«አባባ፣ ሬዲዮን አይተዋል?»

«ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው አሁን ወጣ፣ ልጄ። ወደ ሻይ ቤቱ ነው የሄደው። ጀርባውን ነው ያየሁት፣ ግን እሱ ይመስለኛል።»

ሻይ! እዚህ ሰው እየሞተ ሻይ! በእግዜር ስም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩትን ስድብ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩበት። ሽማግሌው ተነስተው ወደ ሻይ ቤቱ ሄዱልኝ። እግራቸው ያማቸዋል፤ ሲመለሱ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኗል።

«እዚያ የለም፣ ልጄ። ወደየት እንደዞረ እንጃ።»

ስመለስ አቶ ቶሎ ትልቁን የብረት መቀስ ይዞ ስዊቹ አጠገብ ቆሟል። ፌሮ የምንቆርጥበት፣ እጀታው ክንድ የሚያህል መቀስ።

«ሰውየው ወጥቷል። ውስጡን አይተሻል፣ ባዶ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የሰው ጓጉንቸር ነው።»

«የሰው ጓጉንቸር! እዚያ ስንት ሰው ትንፋሽ አጥሮት ተኝቷል፤ አንቺ ስለ ጓጉንቸር ታወሪያለሽ። ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዛሬ አንዴ ብትተዪው ማን ይከስሻል?»

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። ለአለቃዬ «እርስዎ» ማለት ያን ቀን ቀረ። እሱ ግን መቀሱን አልለቀቀም።

ጓዳውን አስቤዋለሁ። አላሰብሽውም የሚለኝ ካለ ዋሽቷል። ከስዊቹ አጠገብ ሆኜ አየሁት፤ በሩ ዝግ ነው። ሦስተኛውን ገመድ ከጥቅሎቹ ላይ ፈትቼ፣ ተሸክሜ ወጥቼ፣ በሩን በክርኔ ገፍቼ እንደዘጋሁት በደንብ ይታወሰኛል። የገመዱ ክብደት ትከሻዬ ላይ ሳይቀር ይሰማኛል። ስለዚህ ጓዳው ውስጥ ሰው የሚገባበት ምክንያት የለም። እስከዚያ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሠላሳ እርምጃ ሄጄ በሩን ብከፍት ምን ነበረበት? ግን አስታውሳለሁ፣ ዘግቼዋለሁ፣ ሰዓቱ ደግሞ አምስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ስልኬ ጮኸ። የጋሼ ሚስት ናት። ታለቅሳለች ብቻ። «እየደከመ ነው» የምትል ቃል ከልቅሶዋ መሐል ወጣች፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

መቀሱን ከአቶ ቶሎ እጅ ነጠቅኩ።

«የሚቆረጥ ከሆነ እኔ እቆርጠዋለሁ» አልኩ። ጽሑፌ ከራሴ በላይ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሰማያዊውን ጓጉንቸር መቀሱ አፍ ውስጥ አስገባሁና ጨመቅኩ። ሁለቱ ደረቅ ጣቶቼ አላግዝ አሉ። እጀታውን ከጉልበቴ አስደግፌ ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። ብረቱ ጮኸ፤ አልተቆረጠም። ያ መቀስ ስንት ዓመት ፌሮ ሲቆርጥ ኖሮ ስለቱ ዶልዱሟል። «ግፋ!» አልኩት አቶ ቶሎን። መጣና አንዱን እጀታ ያዘ። ሁለታችን ሆነን ጨመቅነው። የእጄ ቆዳ ሲላጥ ተሰማኝ። «ተቆረጥ! ተቆረጥ አንተ እርኩስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። የምለምነው ብረት ብቻ እንዳልነበር የገባኝ በኋላ ነው።

መተላለፊያው ጫፍ ላይ የጓዳው በር ተከፈተ።

ሬዲዮ ነበር። ጆሮው ላይ ያንን ትልቅ የጩኸት መከላከያ ደፍቷል፤ ጓዳው ከጀነሬተሩ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን እዚያ ያለ እሱ አይሠራም። ላብ አጥምቆታል። ትከሻው ላይ ሦስተኛው የመሬት ገመድ አለ። ማሠሪያው ጥርሱ ተጣሞ አልፈታ ብሎት ነበር፤ መፍቻው ሲያመልጠው የተላጠው የእጁ ጀርባ ይደማል። በሩ ከኋላው በራሱ ስፕሪንግ ተመልሶ ተዘጋ። ያ በር እንደዚያ ነው፣ ሰው ኖረም አልኖረም ይዘጋል።

ዓይኔ ያን ጊዜ ማንጠልጠያዎቹ ላይ አረፈ። ሁለት ገመድ። ሦስተኛው ማንጠልጠያ ባዶ ነው። ከጥቅሎቹ ላይ ፈትቼ፣ ተሸክሜ፣ በሩን በክርኔ የዘጋሁት ሰኞ ነበር። እጄ ትናንትን እያስታወሰ ዛሬ ነው ብሎኝ ነው። እኔ ስልክ ይዤ ሳለቅስ ሬዲዮ ባዶውን ማንጠልጠያ አየ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገ፣ የእኔን ሥራ ሊጨርስልኝ ገባ።

ቆመ። መቀሱን አየ። ጓጉንቸሩን አየ። እኔንና አቶ ቶሎን፣ እጀታው ላይ አራት እጅ ሆነን፣ አየን። የጆሮ መከላከያውን አውርዶ አንገቱ ላይ አደረገው። እኔ መቀሱን ልቀቂው ቢሉኝም የምለቅበት አቅም አልነበረኝም፤ ጣቶቼ እዚያው ደርቀው ቀሩ። አንድ ነገር ቢናገር ኖሮ፣ ቢሳደብ፣ ቢመታኝ፣ እንዴት ደስ ባለኝ። ሬዲዮ ገመዱን ሦስተኛው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለ። መጣ። መቀሱን ከጓጉንቸሩ ላይ ቀስ ብሎ አላቀቀ። ከአንገቱ ቁልፉን አወጣ፣ ከፈተ፣ ጓጉንቸሩን አውርዶ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጥርስ የነከሰው የሚመስል ጥልቅ ስርጉድ አለበት፤ ግማሹ ተበልቷል። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አብሪው» አለኝ።

ስዊቹን መለስኩ። ፊልተሩ አጉረመረመ፣ ከዚያ ድምፁ ረጋ። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። አምስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሲሊንደሮች ሲሞሉ ሹፌሩ ከውጭ እየሮጠ ገባ፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። አባባ ራሳቸውን ያዙ። መኪናው ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሆስፒታል ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ከንፈሩ ቀልቷል። የጋሼ ሚስት እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ ለበሽተኞቹ ሁሉ «እሷ ናት፣ እሷ ናት» እያለች አሳየችኝ። ጋሼ እጄን ያዘና መዳፌን ገልብጦ አየው። ቆዳው ተልጧል።

«ሥራ ነው» አልኩት።

«አንቺ እንኳን ጠንቃቃ ነሽ» አለ፤ እያንዳንዱን ቃል በትንፋሽ እየከፈለ። «ለሰው… የምትጠነቀቂ… ልጅ ነሽ።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ አልኩ። ወንድሜ ተነፈሰ፣ ሬዲዮም ወደ ቤቱ ገባ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ግን ሬዲዮን ያተረፈው የዶለዶመ መቀስ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ በበኩሌ ገድዬው ነበር። ይህን ለጋሼ አልነገርኩትም፤ እስካሁንም አልነገርኩትም።

ረቡዕ ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ይቅርታ እንዴት እንደምለው መንገድ ሙሉ ስለማመድ ነበር የመጣሁት። መተላለፊያው ላይ ስደርስ አቶ ቶሎ ቀድሞኛል። አዲስ የብረት መቀስ አስመጥቶ፣ ልክ ከእኔ ጽሑፍ ሥር ምስማር መትቶ ሰቅሎታል። ስለቱ ያብረቀርቃል። ከጎኑ በወረቀት «ለድንገተኛ ጊዜ» ተብሎ ተለጥፏል።

ሬዲዮ መጣ። መቀሱን አየው። ወረቀቱን አነበበው። የያዝነው ሥራ የሁለተኛውን ጥቅል ብሎን እንደገና ማየት ነበር፤ አዲስ ብሎን አንድ ቀን ከሞቀ በኋላ ካልታየ አይታመንም። ስዊቹን አጠፋን። ቀይ ጓጉንቸሬን ሰቀልኩ። እሱም ስርጉድ ያለበትን ሰማያዊውን ሰቀለ።

«ትናንት…» አልኩ።

«ወንድምሽ እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«ደህና። ደህና አደረ።»

«ተመስገን።»

መቀሱን ከምስማሩ ላይ አወረድኩና ዘረጋሁለት። «ውሰደው። ቤትህ አስቀምጠው፣ ወንዝ ጣለው፣ እንዳሻህ አድርገው። እዚህ አይሰቀልም።» ወረቀቱንም ቀደድኩት። ሬዲዮ መቀሱን ተቀበለኝ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ፣ ክዳኑን ገጠመ። እፎይ አልኩ። ነገሩ አለቀ፣ ታረቅን ብዬ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሬዲዮ እጁን ኪሱ ከተተና ሌላ ጓጉንቸር አወጣ። አዲስ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ብረቱ አውራ ጣቴን ያህላል። ከሰማያዊው ጎን ሰቀለው፣ ቆለፈው፣ ሁለት ጊዜ ስቦ መጥበቁን አየ። ቁልፉን ከመጀመሪያው ቁልፍ ጋር አንገቱ ላይ አደረገና ቱታው ውስጥ ከተተው።

«አሥር ደቂቃ» አለ፣ ሰዓቱን እያየ።

ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን።